እንደገና ምን?

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። «መምህር፣ ታሪኩን ይንገሩት፣ ስሜን ግን አደራ» ብላ ቃል አስገብታኛለች። ስለዚህ «ሴትዮዋ» እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ታገሡኝ።

ሴትዮዋ የምትሠራው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ተሰፍቶ የመጣውን ሸሚዝ ተቀብላ፣ እዚህም እዚያም የተንጠለጠለውን ትርፍ ክር በትንሽ መቀስ መቁረጥ። በቃ፣ ይኸው ነው። ትቆርጣለች፣ ለቀጣዩ ሰው ታቀብላለች። ትቆርጣለች፣ ታቀብላለች። አራት ዓመት ሙሉ!

ያስመረራት ግን ሥራው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። የሌሊት ሺፍት ናት። ቤት ውስጥ ደግሞ ሐመልማል የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። አባት የለም። ልጅቱ ማታ ማታ ጎረቤት ታድራለች። ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ እናትየዋን ሰፈር ሲያደርሳት፣ ልጅቱ ቦርሳዋን አዝላ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። ገባችሁ? እናት ስትገባ ልጅ ትወጣለች። የሚገናኙት የግቢው በር ላይ ነው። ለስንት ደቂቃ? የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃላት፣ ግንባሯን ስማ እስክትለቃት ድረስ ነዋ! ከሰዓት ልጅቱ ስትመለስ እናት እንቅልፍ ላይ ናት። ስትነቃ ደግሞ ሰርቪሱ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እዚያው በር ላይ፣ ልጅቱ ማስቲሿን ረስታ ኖሮ ዞር ብላ ተጣራች። «እማዬ! ማስቲሼን አቀብይኝ!» አለች። እናትየዋ «ወዬ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልጅቱ ለካ የምትጣራው ማታ ማታ የምታሳድራትን ጎረቤቷን ነው። ጎረቤቷን ነው «እማዬ» ያለችው።

እናቶች፣ ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ባወራው ከንቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ማስታወቂያ ለጠፈ። የተሰፋውን ልብስ የሚፈትሹ፣ «ኳሊቲ» የሚሏቸው ሠራተኞች ይፈለጋሉ። ኳሊቲዎች ደግሞ የሚሠሩት ቀን ነው! ሴትዮዋ ማስታወቂያውን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከታች ግን አንድ ነገር ነበረበት፤ ፈተና አለ። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ ብትሉ፣ ልብሱ የሚሄደው ውጭ አገር ነው፣ ካርዶቹም የሚመጡት ከገዢው ነው። ፈታሿ እንከን ያለበት ሸሚዝ ስታገኝ ካርድ ታንጠለጥልበታለች። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቃል ሸሚዙ ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሄድ ይናገራል። ካርዱ ከተሳሳተ ሸሚዙ ተሳሳተ ማለት ነው። ቃላቱ አሥራ ሁለት ናቸው። ሦስት ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ ሦስተኛውን የወደቀ ግን ወደ መቀሱ ይመለሳል፣ ሁለተኛም አይጠራም።

ሴትዮዋ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው። የእንግሊዝኛ ፊደል ታውቃለች፣ ቃል ግን እምብዛም። ቢሆንም ተመዘገበች።

አስተማሪው አቶ ደምመላሽ ይባላል፤ የኳሊቲ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ትንሽ ችኩል ነው እንጂ። ሠራተኞቹ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ይሰበስባቸውና ሰሌዳ ላይ ይጽፍላቸዋል። «ይህቺን መጀመሪያ ላይ ያለችውን ‹ሪ› ታያላችሁ?» ይላቸዋል። «እንግሊዝኛ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ በእኛ ካርዶች ላይ ግን ‹ሪ› ካያችሁ ‹እንደገና› ማለት ነው። ‹ሪዎርክ› እንደገና መሥራት። ‹ሪዋሽ› እንደገና ማጠብ። ‹ሪስቲች› እንደገና መስፋት። ‹ሪፎልድ› እንደገና ማጠፍ። ይህቺን አንዲት ነገር ከያዛችሁ የአሥራ ሁለቱንም ቃል ግማሽ ያዛችሁ!»

ሴትዮዋ ደስ አላት። ማንስ ደስ አይለው? በአንዲት ትንሽ ነገር የአሥራ ሁለት ቃል ግማሽ!

እንዴት አጠኑ መሰላችሁ? እኛ እንደምናጠናው ነዋ! በኅብረት፣ በዜማ፣ ከላይ እስከ ታች። እሱ «ሪዎርክ!» ሲል እነሱ «እንደገና መሥራት!»፤ «ሪስቲች!» ሲል «እንደገና መስፋት!»። አዳራሹ ይናጋል። ሴትዮዋ በሰርቪስ ስትሄድ ታዜመዋለች፣ ክር ስትቆርጥ ታዜመዋለች። በሁለት ሳምንት አሥራ ሁለቱንም ሳታደናቅፍ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ታንበለብለው ጀመር። ጓደኞቿ «አንቺ አልፈሻል» አሏት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አቶ ደምመላሽ ካርዶቹን እንደ ካርታ ተጫዋች በወዛቸውና አንዱን መዝዞ አሳያት።

ከንፈሯ ዜማውን ጀመረ።

ወገኖቼ፣ ዝማሬው ከመጀመሪያ ነው የሚነሣው! የተመዘዘው ካርድ ደግሞ ከመሀል ነው። በሹክሹክታ ከአንደኛው ጀምራ፣ ጣቷን እየቆጠረች «ሪዎርክ፣ ሪስቲች፣ ሪዋሽ…» ስትል እሱ ሌላ ካርድ መዘዘ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም ሌላ መዘዘ። ወደቀች።

አትሳቁ። አባታችን ሆይን ከመሀል ጀምሩ ብላችሁ ስንቶቻችሁ ትጀምራላችሁ? እስቲ አሁን በልባችሁ ሞክሩት። አያችሁ፣ ሁላችሁም ወደ መጀመሪያው ሮጣችሁ!

ከወር በኋላ ሁለተኛው ፈተና መጣ። ሴትዮዋ በዚህኛው ዘዴ አበጀች። ዜማውን እተወዋለሁ አለች፤ ቢያንስ በእርግጠኝነት የማውቃትን አንዷን ነገር አጥብቄ እይዛለሁ አለች። አቶ ደምመላሽ ካርድ መዘዘ። «ሪ»ን አየቻት።

«እንደገና!» አለች፣ በኩራት።

«ጎሽ! እንደገና ምን?»

ዓይኗን ከ«ሪ» አልነቀለችም። ሌላ ካርድ መዘዘ።

«እንደገና!»

«እሺ፣ እንደገና ምን?»

ሦስተኛም፣ አራተኛም እንዲሁ። አምስተኛው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች መሳቅ ጀመሩ። አቶ ደምመላሽ ግን አልሳቀም። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እህቴ፣ አንቺ ‹እንደገና› ያልሽውን ሸሚዝ እኔ ወደ የት ልውሰደው? ወደ ማጠቢያው? ወደ ስፌቱ? ወደ መተኮሻው? ሸሚዙ እኮ እዚሁ እጄ ላይ ቀረ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ የልጇን ጫማ አሠረች፣ ሳመቻት፣ ሸኘቻት። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የቀራት አንድ ዕድል ነው። አንድ ዕድል ብቻ።

እዚያ ግቢ ውስጥ የኔታ ክንፈ የሚባሉ አዛውንት ይኖራሉ። ለብዙ ዘመን ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ቤት የተጠጉ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ፈተና ወደቅኩ፣ የኔታ። ሁለተኛዬ ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የእንግሊዝኛ።»

«እሱን እንኳ አላውቅልሽም» አሉ የኔታ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እንዴት ወደቅሽ? እሱን ንገሪኝ፤ አወዳደቅ አውቃለሁ» አሏት።

ነገረቻቸው። ከላይ እስከ ታች በዜማ አሰማቻቸው፣ ስለ ካርዱም ነገረቻቸው። የኔታ ሳቁ። በእሷ አይደለም የሳቁት፣ ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ትዝ ብለዋቸው ነው።

«አፍሽ ያውቀዋል፣ ዓይንሽ አያውቀውም» አሏት። «በእኛ ቤት ሀ ሁን ስላዜመ ልጅ ፊደል ለየ አይባልም። ማንም ያዜመዋል፤ ጠዋት ማታ የሰማ በቀቀንም ያዜመዋል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እናስቆጥረዋለን። ከዚያ በጎን። ያም ሲለምደው አቡጊዳ እንሰጠዋለን፣ ተራው የተዘበራረቀ ፊደል። በስንደዶ እያንዳንዱን እየነካ ‹ይህ ማነው?› ሲባል መልስ የሚሰጠውን ያን ጊዜ ለየ እንለዋለን። አንቺን ሀ ሁ ላይ ትተውሽ ነው የፈተኑሽ። በይ፣ ቃሎቹን ጻፊና አምጪ።»

የካርቶን ክዳን ቆራርጣ አሥራ ሁለቱን ጽፋ አመጣች። የኔታ አዩዋቸው። አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል አያውቁም፤ የሽማግሌ ዓይናቸው ግን አይቶ የማይስት ነው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርገዋል» አሉ። «ይህ ቆቡ ምን ይላል?»

«‹እንደገና› ይላል፣ የኔታ።»

«እሺ። አንቺ የለየሽው ቆቡን ነው፣ ቆብ ደግሞ ሁሉም አለው። ሰውዬውን በቆቡ ልትለዪው ነው?» አሏትና በአውራ ጣታቸው መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ሪ» ሸፈኗት። «ከቆቡ በታች ያለው ፊት የማን ነው? እሱን ንገሪኝ።»

እንዲህ አድርገው ተያያዙት። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እንቅልፍ ዓይኗን እየጎተታት። አንዱን ካርቶን ያነሣሉ፣ ቆቡን በጣታቸው ይሸፍናሉ፣ «ማነው?» ይላሉ። «ዋሽ፣ ማጠብ» ትላለች። «በቃልሽ አትበይኝ፣ አሳዪኝ!» ይሏታል። ትነሣና ታጥባለች! ምን ትጠብ? የየኔታን ጋቢ ነዋ! «ፎልድ» ስትል ጋቢውን ታጥፋለች። «ስቲች» ስትል መርፌ ታመጣና የነጠላቸውን ቀዳዳ ትሰፋለች። ስትሳሳት እሳቸው ትክክለኛውን አያውቁም፤ ግን ፊቷን አይተው «አላመንሽበትም፣ ደብተርሽን እዪ» ይሏታል። የየኔታ ጋቢ በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደታጠበ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ልጃቸው ሳይቀር «አባዬ ምነው እንዲህ አማረብዎት?» አለቻቸው አሉ።

ሦስተኛው ፈተና ደረሰ። አቶ ደምመላሽ ካርዶቹን በወዘ፣ አንዱን መዘዘ።

«እንደገና መስፋት» አለች፤ ሸሚዙን ይዛ ወደ ስፌቱ ጠረጴዛ ሄደች።

«እንደገና ማጠብ።» ወደ ማጠቢያው።

«እንደገና መቁጠር።» ካርቶኑን ይዛ ወደ መቁጠሪያው።

አሥራ ሁለቱንም! ከመሀል፣ ከዳር፣ እንደመጣ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡ። አቶ ደምመላሽ ግን አላበቃም። ከኪሱ ሌላ ካርድ አወጣ፣ አሥራ ሦስተኛ። ገዢው በዚያው ሳምንት የላከው ነው፣ ማንም አላጠናውም።

ሴትዮዋ አየችው። መጀመሪያ ላይ «ሪ» አለ። ቀጥሎ ያለውን ግን አይታው አታውቅም። አሁን አስቡት፤ ልጇ አለች፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ዕድል ናት፣ ሰው ሁሉ ያያታል። መገመት ትችላለች። አጠገቧ ያለውን አንዱን ጠረጴዛ ማሳየት ትችላለች። ምን አለች መሰላችሁ?

«‹እንደገና› የሚለውን አውቃለሁ። ‹ምን› የሚለውን ግን አላውቀውም። ሸሚዙን የትም አልወስደውም፣ እጠይቃለሁ።»

አቶ ደምመላሽ ካርዱን ኪሱ መለሰ። «ይህንን መልስ ነበር የፈለግኩት» አላት። «ዛሬ ከአንቺ በፊት የተፈተኑት ሁሉ ገምተዋል። የሚገምት ሰው በአንድ ቀን አንድ ኮንቴይነር ሸሚዝ ያበላሽብኛል። ሰኞ ጠዋት ግቢ።»

ሰኞ ጠዋት! እናትና ልጅ አብረው ከቤት ወጡ፣ አብረው መንገድ ሄዱ፣ ማታም አንድ አልጋ ላይ አብረው ተኙ። የኔታ ክንፈ ፀሐይ እየሞቁ ሲያዩዋቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፣ የሴት ወግ ባይሆንባቸው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ቢቆረቁራችሁም ታገሡኝ።

ከመካከላችን «እንደገና» የማይል ማን አለ? አዲስ ዓመት ሲመጣ «እንደገና እጀምራለሁ»። ጾም ሲገባ «እንደገና እመለሳለሁ»። ሲያመን «ብቻ ከዚህ ልውጣ እንጂ እንደገና ሰው እሆናለሁ»። ቆንጆ ቃል ነው! የእግዚአብሔር ምሕረት ራሱ በዚህ ቃል የተሞላ ነው። እሱ ሰውን እንደ ተበላሸ ጨርቅ አይጥልም፣ እንደገና ይሠራል። አምናለሁ፣ እናንተም እመኑ!

ግን እንደገና ምን?

«በቤቴ እንደገና ሰላም ይወርዳል» ያልክ ወንድሜ፣ እንደገና ምን ልታደርግ ነው? ስትገባ ለባለቤትህ ሰላምታ ልትሰጣት ነው? ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠህ ውሎውን ልትጠይቀው ነው? ወይስ ሸሚዙ እጅህ ላይ ሊቀር ነው? «እንደገና እጸልያለሁ» ያልሽ እህቴ፣ መቼ? ምን ብለሽ? ለማን? ንስሐ አባታችን ፊት ቆመን «አባቴ፣ ብዙ በድያለሁ» እንላለን። ብዙ ማለት ምንድነው? እሳቸውስ ብዙውን ወደ የትኛው ጠረጴዛ ይውሰዱት? ኃጢአታችን ስም አለው፤ የበደልነው ሰውም ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ስልክ አለው። እኛ ግን ቆቡን ብቻ እያሳየን እናልፋለን።

ደግሞም እኛ ዝማሬውን እናውቃለን። ሥርዓቱን ከላይ እስከ ታች እናንበለብለዋለን። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሰገድ፣ ምን ሲባል ምን እንደሚመለስ አንስትም። ችግሩ ኑሮ ካርዱን እየበወዘ ከመሀል መምዘዙ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሳታስቡት፣ ታክሲ ውስጥ አንዱ ይሰድባችኋል። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ልታዜሙ ነው? ጊዜ የለማ! ይቅርታን ለይታችሁ ካላወቃችሁት፣ በእጃችሁ ካልሠራችሁት፣ ያን ጊዜ አይመጣላችሁም።

«መምህር፣ እኔ እኮ ምን ላድርግ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም» የምትሉ አላችሁ። አይዟችሁ! እሷም አሥራ ሦስተኛውን አላወቀችውም። አላውቅም ብላ ጠየቀች እንጂ አልገመተችም። እናንተም ጠይቁ። እግዚአብሔር አላውቅም ያለውን ሰው አይጥለውም፤ ያስተምረዋል። ተስፋ የምሰጣችሁ ከዚህ ተነሥቼ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር፤ እናንተን ብቻ ገርፌ ብወርድ ነውር ነው።

አንድ ወንድም አለኝ፣ ሽባባው ይባላል። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቱ አርፋ ለቅሶ አልደረስኩም። ጉባኤ ነበረብኝ። እዚሁ አውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ስለ ፍቅር እያስተማርኩ ነበር። በሰልስቱም አልሄድኩም፣ በአርባዋም አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ከወንድሜ ጋር እንደገና አንድ እንሆናለን» እያልኩ እጸልያለሁ። ንስሐ አባቴም «ምን አደረግኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ትንሽ ቅሬታ ነው» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ይህቺ ሴት ታሪኳን ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስወርድ ለምሳ አትያዙኝ። በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነው የምሄደው። ዘጠኝ ሰዓት ግድም በሩ ላይ እደርሳለሁ። «ሽባባው፣ ባለቤትህን ስትቀብር አልነበርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን ለቅሶ ልደርስህ መጣሁ» እለዋለሁ። ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። ቢከፍትልኝ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ባይከፍትልኝ ነገም እዚያው በሩ ላይ ነኝ። እናንተም አንድ ሰው ስሙ በልባችሁ መጥቷል፣ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ጸሎቱን አድርሰን ስንጨርስ እዚህ ቆማችሁ ወሬ አታውሩ፣ ወደ እሱ ሂዱ።